ሥጋን እንደምንንከባከብ ነፍስንም መንከባከብ፦ ከከተማ ዳር ለሚኖር ሠራተኛ ምእመን የአሠራር መመሪያ

በሥራ ቀናት በጤና ጣቢያ በነርስነት እሠራለሁ፤ በሰንበት ደግሞ በአጥቢያችን ሰንበት ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። በሁለቱም ቦታ የሚቀርብልኝ ጥያቄ አንድ ነው። ከመሀል ከተማ ወደ ቦሌ አራብሳ፣ ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱና ወደ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የገቡ ሰዎች «ሌሊት ወጥቼ ማታ እገባለሁ፤ የድሮው አጥቢያዬ ርቆብኛል፤ ጸሎቴም ጾሜም ተቋርጧል፤ ከየት ልጀምር?» ይሉኛል። ለእያንዳንዱ ቆሜ ስመልስ የቆየሁትን አሁን በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ። መመሪያው በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለሚኖር ምእመን የተዘጋጀ ነው።

ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ (1ኛ ጢሞ. 4፥7-8) ሰውነትን ማስለመድ ለጥቂት እንደሚጠቅም፣ እግዚአብሔርን ለመምሰል ራስን ማስለመድ ግን ለነገር ሁሉ እንደሚጠቅም ተናግሯል። ለሁለቱም የተጠቀመበት ቃል «ማስለመድ» መሆኑን ልብ ይበሉ። ሥጋ የሚጸናው ልክ ባለው የዕለት ምግብ፣ በእንቅልፍ፣ በእንቅስቃሴና በሕመም ጊዜ በሕክምና እንደ ሆነ ሁሉ፣ ነፍስም የምታድገው በየዕለቱ በሚሰጣት ልክ እንጂ በዓመት አንድ ጊዜ በሚደረግላት ብርቱ ጥረት አይደለም። ከዚህ በታች ያለው እያንዳንዱ እርምጃ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• መጽሐፍ ቅዱስ፤ መብራት በሚጠፋበት ምሽት በጧፍ ብርሃን ሊነበብ የሚችል፣ ፊደሉ ገዘፍ ያለ ቢሆን ይመረጣል።
• የዘወትር ጸሎትና ውዳሴ ማርያም በአንድነት የታተመበት የኪስ መጽሐፍ፣ እንዲሁም መዝሙረ ዳዊት።
• አጽዋማትና በዓላት የተመለከቱበት የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ።
• አንድ ደብተርና እስክሪብቶ።
• ከስልክ የተለየ የማንቂያ ሰዓት። ስልክ ማንቂያ ከሆነ ዓይን እንደ ተገለጠ እጅ የሚሄደው ወደ መልእክቶቹ ነው፤ ጸሎቱም ከመጀመሩ በፊት ሐሳብ ይበተናል።
• ነጠላ፣ ለስግደትም ወፈር ያለ ምንጣፍ።
• ሕመም ካለብዎ የሕክምና ካርድዎና የሚወስዷቸው መድኃኒቶች ዝርዝር።

ከመጀመርዎ በፊት ማስጠንቀቂያ

የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የልብ፣ የኩላሊት ወይም የሚጥል በሽታ ያለብዎ ከሆነ፣ ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናት ከሆኑ፣ ስለ ጾምና ስለ ስግደት የተጻፉትን እርምጃዎች ከሐኪምዎና ከንስሐ አባትዎ ጋር ሳይነጋገሩ አይጀምሩ። በጾም ወይም በጠበል ምክንያት የታዘዘልዎትን መድኃኒት በራስዎ ውሳኔ አያቋርጡ። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እግዚአብሔር እንደ ፈጠረው፣ መድኃኒትንም ከምድር እንዳወጣ ይናገራል፤ ጠበሉንም መድኃኒቱንም የሚሰጠው አንዱ እግዚአብሔር ስለ ሆነ አንዱን ለመቀበል ሌላውን መጣል አያስፈልግም።

አሠራር

1. ለ7 ቀናት ምንም ሳይቀይሩ ይመዝግቡ።

ወደ ጤና ጣቢያ የመጣ ሰው መድኃኒት ከመታዘዙ በፊት ክብደቱ፣ ሙቀቱና የደም ግፊቱ ይለካል፤ ያልተለካ ነገር መሻሉም መባሱም አይታወቅም። ስለዚህ ለአንድ ሳምንት በየማታው አምስት ነገሮችን በደብተርዎ ላይ ይጻፉ፦ ስንት ሰዓት ተኝተው ስንት ሰዓት እንደ ተነሡ፣ ምን እንደ በሉ፣ በመንገድና በታክሲ ሰልፍ ያለፈውን ጊዜ፣ የጸለዩትንና ያነበቡትን፣ በመጨረሻም በማን ላይ በስንት ሰዓት እንደ ተቆጡ።

ስለ ቁጣው ለምን እንደሚጻፍ ብዙዎች ይጠይቁኛል። ካየኋቸው ደብተሮች በአብዛኛዎቹ ላይ ቁጣው የበዛው እንቅልፍ ባነሰበትና ምሳ በተዘለለበት ቀን ነው። ይህን ማወቅ ለኃጢአት ሰበብ ለመስጠት አይደለም፤ ውጊያው ከየት በኩል እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው በሩን ቀድሞ መዝጋት እንዲችል ነው። በዚህ ሳምንት ራስዎን ለማሻሻል አይሞክሩ፤ ከሞከሩ የሚመዘገበው የእርስዎ ኑሮ ሳይሆን ሊሆኑ የሚመኙት ሰው ኑሮ ይሆናል።

2. የንስሐ አባትዎን ያግኙ፤ ከሌለዎት ይያዙ።

ከከተማ ዳር የሚኖር ምእመን ችግር አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ቤቱ ተቀይሯል፣ የንስሐ አባቱ ግን በድሮው ሰፈር ቀርተዋል፤ መጀመሪያ በወር አንድ ጊዜ ይሄድ የነበረው ሰው በፋሲካና በጥምቀት ብቻ ይሄዳል፣ ከዚያም በስልክ ይደውላል፣ በመጨረሻ መደወሉንም ያፍርበታል።

መንገዱ ሁለት ነው። የቀድሞው አባትዎ ቢያንስ በየወሩ ሊያገኙዎት የሚችሉ ከሆነ ቀኑን ቆርጣችሁ ያዙ፤ ለምሳሌ ከደመወዝ ቀጥሎ ያለው ቅዳሜ። ካልተቻለ ግን በዝምታ አይጥፉ፤ ሄደው ሁኔታዎን ያስረዱ፣ ቀሪ ቀኖና (ለንስሐ የታዘዘልዎ ጸሎት፣ ጾም ወይም ስግደት) ካለብዎ ያጠናቅቁ፣ አሰናብተውና መርቀው ሲልኩዎ አሁን ባሉበት አጥቢያ ካህን ይያዙ። አሰናብቱኝ ሳይሉ ከአንዱ አባት ወደ ሌላው መሄድ የሁለት ሐኪሞችን መድኃኒት ሳይነጋገሩ በአንድ ላይ እንደ መዋጥ ነው፤ እያንዳንዱ ብቻውን ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ አንድ ላይ ሲሆን ግን ይጎዳል።

በመጀመሪያው ግንኙነት የ7 ቀኑን መዝገብ ያሳዩ። የሥራ ሰዓትዎን፣ ያለብዎትን ሕመምና የሚወስዱትን መድኃኒት ሳይደብቁ ይንገሩ፤ ቀኖና እንደ ሰውየው ዐቅም የሚሰጥ ስለ ሆነ፣ ዐቅምዎን ያልተነገሩ አባት ልክዎን ሊያውቁልዎ አይችሉም።

3. እንቅልፍን ያስተካክሉ።

መንፈሳዊ ሕይወትን ከእንቅልፍ መጀመር ለብዙዎች እንግዳ ይሆንባቸዋል። ነገር ግን ነቢዩ ኤልያስ ደክሞት ሞትን በለመነ ጊዜ (1ኛ ነገ. 19) መልአኩ አስቀድሞ ያደረገለት ነገር ቀስቅሶ ማብላትና ማጠጣት ነበር፤ ነቢዩም በልቶ እንደገና ተኛ፤ ሁለተኛ ጊዜ ከበላ በኋላ ነው 40 ቀንና 40 ሌሊት ወደ ኮሬብ የተጓዘው።

ለአዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 7 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ታክሲ ለመያዝ ከሌሊቱ 11፡30 ላይ ከቤት የሚወጣ ሰው ለጸሎትና ለዝግጅት አንድ ሰዓት ከፈለገ 10፡30 ላይ መነሣት አለበት፤ ስለዚህ ከምሽቱ 3፡30 ላይ መተኛት ይኖርበታል። ስሌቱን በራስዎ ሰዓት ይሥሩና ውጤቱን በግድግዳው ላይ ይለጥፉ። የማታውን ጸሎት ከእራት በፊት ያድርጉት፤ ከእራት በኋላ በድካም ላይ ጥጋብ ሲጨመር ጸሎቱ አልጋ ላይ ያልቃል። ቴሌቪዥኑንና ስልኩን ከመኝታ አንድ ሰዓት በፊት ማጥፋት ካልቻሉ የጠዋቱ ጸሎት እንደማይጸና ከወዲሁ ይወቁ።

4. ትንሽና ቋሚ የጸሎት ድርሻ ይወስኑ።

ለእስራኤል በምድረ በዳ የወረደው መና የሚለቀመው ለዕለት ነበር (ዘጸ. 16)፤ ለነገ ተብሎ ያደረው ተላ። ሥጋም ለሳምንት የሚበቃውን እሑድ በልቶ እስከ ቅዳሜ አይቆይም። ስለዚህ የሚመረጠው ድርሻ ልጅ በታመመበትና ውኃ በጠፋበት ቀን እንኳ የማይታጎል መሆን አለበት።

ለመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት የሚከተለው ይበቃል፦

ሀ. ጠዋት ከቤት ሳይወጡ ቆመው የዘወትር ጸሎትን ያድርሱ፤ ሳይቸኩሉ ሲጸለይ ለእኔ ሩብ ሰዓት ይበቃኛል።

ለ. በሥራ ላይ በ3፣ በ6 እና በ9 ሰዓት አንድ ጊዜ «አቡነ ዘበሰማያት» ይበሉ። እነዚህ ሰዓታት መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ የወረደበት፣ ጌታችን የተሰቀለበትና ነፍሱን በገዛ ፈቃዱ የሰጠበት ናቸው። ማንም ሳያውቅ በልብ ሊጸለይ ይችላል፤ እኔ በሽተኛ ጠርቼ እስኪገባ ባለው ጊዜ አደርሰዋለሁ።

ሐ. ማታ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ያድርሱ። ለሰባቱ ዕለታት ተከፍሎ የተሠራ ስለ ሆነ ልኩን መምረጥ አያስፈልግዎትም።

ከአራት ሳምንት በኋላ ይህ ካልታጎለ ዳዊት ይጨምሩ። የተለመደው ክፍፍል ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150 ነው። ይህን ሙሉውን የሚደግም ሠራተኛ አለ፤ ጀማሪ ግን ከዕለቱ ድርሻ አንድ መዝሙር ብቻ ይውሰድ፣ ሲጸናም ወደ አንድ ንጉሥ፣ ማለት ወደ ዐሥር መዝሙር፣ ከፍ ያድርገው። ወደ ኮንዶሚኒየም በገባሁበት ዓመት የሁሉንም ቀን ዳዊት ሙሉውን ለመድገም ጀምሬ በሦስተኛው ሳምንት ዳዊቱን ብቻ ሳይሆን የዘወትሩንም ጸሎት ትቼው ነበር፤ ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው በዚያ እንዳያልፍ ነው።

5. ቅዱሳት መጻሕፍትን አላምጠው ያንብቡ።

ዕብራውያን 5፥12-14 ወተት ለሕፃን፣ ጠንካራ ምግብ ለበሰሉ እንደሚሰጥ ይናገራል። ለጀማሪ የማርቆስ ወንጌል ይስማማዋል፤ 16 ምዕራፍ ስለ ሆነ በቀን ግማሽ ምዕራፍ የሚያነብ ሰው በ32 ቀን ይጨርሰዋል። ከትንቢተ ዳንኤል ራእይ ወይም ከራእየ ዮሐንስ አይጀምሩ።

የታክሲና የአውቶቡስ መንገድ ለንባብ ይመቻል። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ትንቢተ ኢሳይያስን ያነብ የነበረው በሠረገላ ላይ፣ በመንገድ ነው (ሐዋ. 8)። ፊልጶስ የሚያነበውን ያስተውለው እንደ ሆነ ሲጠይቀው የሚመራው እንደሚያስፈልገው ሳያፍር ተናገረ። እርስዎም ያልገባዎትን ቁጥር በደብተርዎ ላይ ምልክት አድርገው እሑድ ወደ ሰንበት ትምህርት ቤት ይዘው ይምጡ። ያልገባን ነገር በግምት ተርጉሞ መሄድ ያልታኘከ ምግብ እንደ መዋጥ ነው።

6. ጾምን በልክ፣ በምግብ ዕውቀት ይያዙ።

ተቋርጦ የነበረ ሰው ከረቡዕና ከዓርብ ይጀምር። በበዓለ ሃምሳ (ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት) ካልሆነ በስተቀር በሳምንት ሁለት ቀን ስለሚመላለስ ሰውነትም ልብም ይለምደዋል፤ ከዚያ በኋላ 55 ቀን ያለው ዐቢይ ጾም ሲመጣ ድንገተኛ አይሆንም። የሚጾሙበትን ሰዓት ከንስሐ አባትዎ ጋር ይወስኑ፤ እስከ 9 ሰዓት ለመቆየት ያልቻለ ሰው በየጥቂቱ ሰዓቱን እያራዘመ ይሂድ።

በጤና ጣቢያ በጾም ወራት ብዙ የጨጓራ ሕመምና የድካም ስሜት አያለሁ፤ ከጾሙ ይልቅ የሚጎዳው ግን የጾም ምግቡ አለመመጣጠን ነው። በደረቅ ዳቦና በሻይ ጾምን ማሳለፍ ሰውነትን ያደክማል። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና ተልባ በየቀኑ ይኑሩ። ጎመንን ሎሚ ጨምቀው ቢበሉት በውስጡ ያለው የብረት ንጥረ ነገር ይበልጥ ወደ ደም ይገባል፤ ቡናና ሻይ ግን ይህን ስለሚቀንሱ ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ያዘግዩአቸው። ጾሙ ሲፈታ በዶሮ ወጥና በክትፎ ላይ ከመሽቀዳደም በፊት እናቶቻችን እንደሚያደርጉት በተልባ ሆድን ማለስለስ መልካም ነው።

የዘለሉትን ምግብ ዋጋ ይለዩ። ኢሳይያስ 58፥7 ጾምን እንጀራን ለተራበ ከመቁረስ ጋር ስለሚያያይዘው፣ በጾም ቀን ያልወጣው የምሳ ገንዘብ በሣጥን ተቀምጦ ለተቸገረ ጎረቤት ይሰጥ።

ማስጠንቀቂያ፦ በስኳር በሽታ መድኃኒት ላይ ያለ ሰው በጾም ሰዓት ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ማዞር ወይም የዓይን ብዥታ ከተሰማው ወዲያውኑ ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ ይጠጣ፣ ካልተሻለው በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። በዚህ ሰዓት ጾሙን ለመጨረስ መጠበቅ ለሕይወት ያሰጋል።

7. ስግደትን ቀስ በቀስ ይጨምሩ።

ስግደት ነፍስና ሥጋ አብረው የሚጸልዩበት ነው። ልምድ የሌለው ሰው በጥቂት ይጀምር፤ ጉልበትና ወገብ እንዳይጎዱ እጅን አስቀድሞ ወፍራም ምንጣፍ ላይ ማሳረፍ ይጠቅማል፣ ከታች ላለው ጎረቤትም ድምፁ ይቀንሳል። በሰንበታትና በበዓለ ሃምሳ የቀኖና ስግደት አይሰገድም። ጉልበቱ የታመመ ሰው በጸሎት መቁጠሪያ ተቀምጦ ሊጸልይ ይችላል፤ ይህንንም ለአባቱ ይንገር።

8. ንስሐን ሳያዘገዩ፣ ቀኖናን ሳያቋርጡ ይፈጽሙ፤ ወደ ቅዱስ ቁርባንም ይቅረቡ።

ቁስል በቀኑ ከታጠበ በሳምንት ይሽራል፤ ተሸፍኖ ከቆየ ግን ያመረቅዛል። ኃጢአትም እንዲሁ ስለ ሆነ በደብተርዎ በሚያውቁት ምልክት ጽፈው በወሩ ቀጠሮ ይናዘዙ። ቀኖና ከተሰጠዎት በኋላ ልብዎ ስለ ቀለለ ብቻ አያቁሙት። የሳንባ ነቀርሳ ታማሚ «ሳሌ ቆመ» ብሎ መድኃኒቱን ሲያቋርጥ በሽታው መድኃኒቱን ተላምዶ እንደሚመለስበት በየጊዜው እናያለን፤ የቆመ ቀኖናም ይህን ይመስላል።

ለመቁረብ 18 ሰዓት ከምግብና ከመጠጥ መከልከል ስለሚያስፈልግ፣ በሌሊት ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች የፈረቃቸውን ቀን አስቀድመው ያመቻቹ። የመድኃኒት ሰዓት የሚጋጭባቸው ለካህኑ ይንገሩ።

9. ለአንድ ሰው አንድ አገልግሎት ይያዙ።

የማይንቀሳቀስ ጡንቻ ይሟሽሻል፤ የተማረውን የማይሠራ ምእመንም እንዲሁ። ብዙ የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች አሳንሰር የላቸውም፤ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ አረጋዊት እናት ጀሪካን እንዴት እንደሚያወጡ ያስቡ። በሳምንት ሁለት ጀሪካን ማውጣት ለሥጋዎ እንቅስቃሴ፣ ለነፍስዎ ምጽዋት ይሆናል። እማማን ሲያገኙ ከሰላምታ ጋር ትንሽ ይቀመጡ፤ ከውኃው ይልቅ የሚናፍቁት ጨዋታውን ሊሆን ይችላል።

የተለመዱ ስሕተቶች

ሁሉንም በአንድ ቀን መጀመር። በፍልሰታ 15 ቀን ሱባኤ ገብቶ ነሐሴ 16 ሁሉንም መተው የዚህ ምልክት ነው። ሱባኤው መልካም ነው፤ ከእርሱ በኋላ የሚቀጥል ትንሽ ድርሻ ግን ከመግባትዎ በፊት ይወሰን።

መስማትን እንደ መጸለይ መቁጠር። በጆሮ ማዳመጫ መዝሙርና ስብከት መስማት ይጠቅማል፤ ነገር ግን ሰው ሲበላ ያየ እንደማይጠግብ፣ ሌላው ሲጸልይ የሰማ ሰው የራሱን ጸሎት አላደረሰም።

ራስን ከጎረቤት ጋር ማስተያየት። የአንዱ መድኃኒት መጠን ለሌላው አይሰጥም።

የአእምሮ ሕመምን የእምነት ድክመት ብቻ አድርጎ መውሰድ። ይህ ከሁሉም ይልቅ ያሳስበኛል። የጸሎት ጣዕም ማጣት በመንፈሳዊ ጉዞ ላይ የሚያጋጥም ነው፤ ነገር ግን ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት በላይ ቀኑን ሙሉ ከቆየ፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ከጠፋ፣ ሥራ መሥራት ካቃተ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ፣ ለንስሐ አባት በመንገር ብቻ አይወሰኑ፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ከዚያ ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ወይም ወደ ሌላ የአእምሮ ሕክምና ወደሚሰጥበት ተቋም ይልኩዎታል። እንዲህ ያለውን ሰው ብቻውን አይተዉት።

ቢቋረጥብዎ

አንድ ወር አልጋ ላይ የቆየ ሰው ተነሥቶ አይሮጥም፤ አንድ ሰው ደግፎት ከአልጋው እስከ በሩ ይሄዳል። ስለዚህ የቀረውን ጸሎት በአንድ ቀን ለማካካስ አይሞክሩ፤ በእርምጃ 4 ከተጻፈው ግማሹን ይዘው በሚቀጥለው የጸሎት ሰዓት ይጀምሩ እንጂ እስከ ሰኞ ወይም እስከ ወሩ መባቻ አይቆዩ። ማክሰኞ ማታ የቀረው ረቡዕ ጠዋት ይቀጥል። በደብተሩ ላይ ባዶ የቀሩትን መስመሮች በኋላ አይሙሏቸው፤ በቀጠሮው ቀን ለንስሐ አባትዎ እንዳሉ ያሳዩአቸው።